ቆጥራችሁ አንሱ፣ ቆጥራችሁ ስፉ፦ የተፈጥሮን ንድፍ ከሜዳ እስከ መሶብ የማድረሻ ዝርዝር መመሪያ

አክስቴ መሶብ በምትሰፋበት ሰዓት ለሰላምታ መልስ አትሰጥም ነበር። ዙሩ አልቆ ወስፌዋን እስክታስቀምጥ ድረስ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ልጅ ሳለሁ የምትጸልይ ይመስለኝ ነበር። ስትቆጥር እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው፦ አምስት አለላ (ቀለም የተነከረ የስፌት ሣር)፣ ሦስት ነጭ፣ አምስት አለላ፣ ሦስት ነጭ።

ከዓመታት በኋላ ከስሜን ተራሮች የጅብራ ፎቶ ይዤ ወደ እርሷ ሄድኩ። ጅብራን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ደጋ ላይ ቅጠሎቹን እንደ ትልቅ ጽጌረዳ ዘርግቶ ይቆማል፣ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። ከላይ ወደ ታች ሲያዩት ቅጠሎቹ ከመሐል ወደ ዳር እየተጠማዘዙ ይወጣሉ። ይህን ጥምዝ በሌማት ላይ ልሰፋው ሞክሬ ውጤቱ ዝብርቅርቅ ያለ ነጠብጣብ ሆኖብኝ ነበር። አክስቴ ፎቶውን አየችና «ስንት ነው?» አለችኝ። ምኑ ስንት እንደሆነ እንኳን አላወቅሁም። «መልኩን ነው ያመጣሽው፤ ቁጥሩን እዚያው ትተሽዋል» አለች።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ከዚያ ቀን ወዲህ በተማርኩት መንገድ ነው። ንድፍ የሚባለው አንድ የሚደገም ነገርና የሚደገምበት ሕግ ነው። ፎቶ የሚደገመውን ነገር ይይዝልናል፤ ሕጉን ግን ቆጥረን ማግኘት የእኛ ሥራ ነው። ሕጉን ካገኛችሁ በሣርም፣ በክርም፣ በሸማም ልታወጡት ትችላላችሁ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ካሜራ ያለው ስልክ፣ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር፣ እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ፕሮትራክተርና አንድ ክንድ የሚያህል ክር።

1. መጀመሪያ ዓይንን ማለማመድ

ሩቅ አትሂዱ። አንድ የቡና ቅርንጫፍና አንድ የጌሾ ቅርንጫፍ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ቡና ቅጠሎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ፊት ለፊት ያወጣል፤ የግራው ቅጠል የቀኙ የመስታወት ምስል ነው። ጌሾ ግን አንዱን በግራ፣ ቀጥሎ ከፍ ብሎ አንዱን በቀኝ እያፈራረቀ ይወጣል፤ በእርጥብ መሬት ላይ የተራመደ ሰው ዱካም እንደዚሁ ነው።

ማንኛውም ተደጋጋሚ ንድፍ የተሠራው ከአራት እንቅስቃሴዎች ነው። አንደኛው መግፋት ነው፤ ያው ቅርጽ ሳይለወጥ ወደ ጎን ይሄዳል። ሁለተኛው የመስታወት ግልባጭ ነው፣ እንደ ቡናው። ሦስተኛው ማዞር ነው፣ እንደ አበባ ቅጠል። አራተኛው ገፍቶ መገልበጥ ነው፣ እንደ ጌሾው። የነጠላና የቀሚስ ጥለት በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ረድፍ ስለሆነ እነዚህ እንቅስቃሴዎች በእርሱ ላይ ሊጣመሩ የሚችሉት በ7 መንገድ ብቻ ነው። ይህ በሒሳብ የተረጋገጠ ነው። በዓለም ላይ ያለ የትኛውም የጠርዝ ንድፍ ከ7ቱ አንዱ ነው። ቤታችሁ ያሉትን ነጠላዎች አውጥታችሁ እያንዳንዱ ጥለት የትኛውን እንቅስቃሴ እንደሚጠቀም ለዩ። በአንድ ከሰዓት በኋላ የምታገኙት ትምህርት ወር ሙሉ ፎቶ ከማንሳት ይበልጣል።

2. የት እንፈልግ?

መስከረምና ጥቅምት የዋልካ መሬት ወቅት ነው። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ስንጥቆቹ የሚገናኙበትን ቦታ ተመልከቱ። ለመጀመሪያ ጊዜ በደረቀ ጭቃ ላይ አዲሱ ስንጥቅ የቀድሞውን በ90 ዲግሪ አካባቢ ይመታዋል፤ መጋጠሚያው እንደ መስቀለኛ እንጨት ቀጥ ያለ ነው። ቦታው ደጋግሞ ሲረጥብና ሲደርቅ ግን መጋጠሚያዎቹ ቀስ በቀስ ወደ ሦስት እኩል አቅጣጫ ይከፈታሉ፣ ማዕዘናቸውም ወደ 120 ዲግሪ ይጠጋል። ስለዚህ አንድ የደረቀ ኩሬ አይታችሁ ጭቃው አዲስ ይሁን ወይም ብዙ ጊዜ የደረቀ መሆኑን መገመት ትችላላችሁ። ለጥልፍ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ንድፎች ሰጣችሁ ማለት ነው።

120 ዲግሪን በጥራት ማየት የፈለገ የማር እንጀራ ይመልከት። ንቧ ባለ ስድስት ጎን ክፍሎችን ያለ ክፍተት ትገጥማለች፤ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ሦስት ግድግዳዎች ይገናኛሉ።

ለጥምዝ የሚሆነው አናናስና የፈረንጅ ሱፍ ነው። ጅብራም አለ፣ ነገር ግን እስከዚያ መውጣት ለሁሉም አይሆንም፤ ከገበያ የሚገዛ አናናስ ያንኑ ሕግ ያስተምራል። የሜዳ አህያ መስመር፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ የእሬት ቅጠል፣ የኮንሶ እርከን፣ ሁሉም ይጠቅማል። ኮንሶን የመሰለ ሰው የሚኖርበትና የሚያርሰው ቦታ ስትሄዱ ግን ካሜራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ።

3. ከማንሳት በፊት መቁጠር

አናናሱን ጠረጴዛ ላይ አቁሙት። በአንዱ ዓይን ላይ ስቴኪኒ ሰክታችሁ ከዚያ ወደ ቀኝ ከፍ እያለ የሚሄደውን ረድፍ በክር ተከተሉ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ትይዩ ረድፍ፣ ከዚያም ቀጥሎ ያለውን፣ ወደ ስቴኪኒው እስክትመለሱ ድረስ ቁጠሩ። ወደ ግራ የሚወጡትንም እንዲሁ። ብዙውን ጊዜ የምታገኙት 8 እና 13 ነው፤ በጣም ቀጥ ብለው የሚወጡትን ከቆጠራችሁ ደግሞ 21። በፈረንጅ ሱፍ ፊት ላይ ፍሬዎቹ በሁለት አቅጣጫ ይጠማዘዛሉ፤ 34 በአንድ ወገን፣ 55 በሌላው ወገን ማግኘት የተለመደ ነው፣ በትልልቆቹ ላይ 55 እና 89።

እነዚህ ቁጥሮች በአጋጣሚ የመጡ አይደሉም። 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13፣ 21፣ 34፣ 55፣ 89 እያለ እያንዳንዱ የቀደሙት የሁለቱ ድምር ሆኖ ይቀጥላል። ተርታው እ.ኤ.አ. በ1202 ስለ ጥንቸል መዋለድ በቀረበ የሒሳብ ጥያቄ ውስጥ በጻፈው በፒሳው ሊዮናርዶ ቅጽል ስም የፊቦናቺ ቁጥሮች ይባላል። ምክንያቱ ግን በአበባው ውስጥ ነው፤ እያንዳንዱ አዲስ ፍሬ ከቀዳሚው በ137.5 ዲግሪ አካባቢ ዞሮ ይበቅላል። በዚህ ማዕዘን የሚበቅሉ ፍሬዎች በአንድ መስመር ላይ ተደራርበው ቦታ አያባክኑም።

ደብተራችሁ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የሚደገመው ምንድን ነው፣ ስንት ጊዜ ይደገማል፣ በየትኛው እንቅስቃሴ ይደገማል። እነዚህን ሳትጽፉ ስልካችሁን አታውጡ። ከባድ ሕግ እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ነገር ግን ፎቶ አንስቶ «ቤት ገብቼ እቆጥረዋለሁ» ያለ ሰው የአበባውን ግማሽ ጥላ ውስጥ፣ የአናናሱን ጀርባ ደግሞ ገበያ ትቶ ነው የሚመለሰው።

4. ፎቶውን ማንሳት

ንድፍን የሚያወጣው የጎን ብርሃን ነው። በአገራችን የቀትር ፀሐይ ከአናት ስለምትወርድ ስንጥቁም እርከኑም ጥላ አጥቶ ይጠፋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት ወዲህ ውጡ። ከዚህ ሕግ ውጪ የሆኑት የሚያብለጨልጩ ቅጠሎች ናቸው፤ ለእነርሱ ደመናማ ቀን ይሻላል።

ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። በካሜራው ላይ የመስመር መረብ እንዲታይ አድርጉ። ስልኩን ከምታነሱት ገጽ ጋር ትይዩ ያዙት፤ መሬት ላይ ያለ ስንጥቅ ከሆነ ስልኩ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ሆኖ ይዘርጋ። ጥቂት ካዘመመ በአንድ ጥግ ያለው ባለ ስድስት ጎን ከሌላው ይበልጣል፣ በኋላ ወረቀት ላይ ስትገለብጡት ሁሉም ነገር ይንሸዋረራል። በጣም ተጠግታችሁ አታንሱ፤ የስልክ ሰፊ ሌንስ መሐሉን ያሳብጣል። አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱና ምስሉን በእጥፍ አቅርቡ። ስክሪኑን በጣት ተጭናችሁ በመቆየት የትኩረቱንና የብርሃኑን መጠን ቆልፉ።

ለእያንዳንዱ ንድፍ ሦስት ፎቶ ይበቃል። አንዱ ሙሉውን የሚያሳይ፣ አንዱ የሚደገመውን ነጠላ ክፍል ብቻ የሚያሳይ፣ አንዱ ደግሞ ክፍሎቹ የሚጋጠሙበትን ቦታ የሚያሳይ ነው። ሦስተኛውን ሰው ሁሉ ይረሳዋል፤ በእጅ ሥራ ላይ የሚያስቸግረው ግን ሁልጊዜ መጋጠሚያው ነው። በአንዱ ፎቶ ውስጥ ማስመሪያ ወይም የአንድ ብር ሳንቲም አስገቡ፣ መጠኑን እንድታውቁት።

ቤት ስትገቡ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ንድፉ ቀለም ሲለቀው አብሮ ከጠፋ፣ ያያችሁት ቀለሙን እንጂ ንድፉን አልነበረም። ይህን ፍተሻ ለአለላም ተጠቀሙበት። የተነከረውን አክርማ፣ ማለትም መስፊያውን ሣር፣ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ በጥቁርና ነጭ አንሱት። ቀዩና አረንጓዴው አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ፣ በማታ መብራት ሥር መሶባችሁ ላይ ያለው ንድፍ አይለይም። አንዱን አጥቁሩት ወይም በመካከላቸው ነጭ አስገቡ።

5. ወደ ወረቀት፣ ከዚያም ወደ ሸማና ጥልፍ

ሸማ ድርና ማግ ነው፤ ጥልፍም አብዛኛውን ጊዜ የጨርቁን ክር ቆጥሮ ይሄዳል። ሁለቱም በአራት ማዕዘን መረብ ላይ ናቸው። ስለዚህ መስመርና ሰያፍ በቀላሉ ይቀበላሉ፣ 120 ዲግሪ ግን ያስቸግራቸዋል። የማር እንጀራን በባለ ካሬ ደብተር ላይ ለማውጣት እኔ የምጠቀምበት ልኬት ይኸውላችሁ። የላይኛው ጠርዝ 8 ካሬ ቀጥ ይበል። ከጫፉ ተነሥታችሁ 4 ካሬ ወደ ውጭ፣ 7 ካሬ ወደ ታች ሰያፍ አስምሩ። ከዚያ 4 ወደ ውስጥ፣ 7 ወደ ታች። ታቹ እንደገና 8 ነው፤ በግራም እንዲሁ ዝጉት። ሰያፉን ብትለኩት ከ8 ካሬ እጅግ በጥቂቱ ስለሚበልጥ ስድስቱም ጎኖች ለዓይን እኩል ናቸው። የሚቀጥለው ባለ ስድስት ጎን ከመጀመሪያው 12 ካሬ ወደ ጎን፣ 7 ካሬ ወደ ታች ተገፍቶ ይጀምራል። በዚሁ ቀጥሉ፤ ያለ ክፍተት ይገጥማል።

ወደ ጨርቅ ከመሄዳችሁ በፊት ግን 5 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ በቁመትም በወርድም ስንት ክር እንዳለ ቁጠሩ። በቁመት 60፣ በወርድ 50 ከሆነ ካሬያችሁ ካሬ አይደለም፤ የማር እንጀራው ተጨፍልቆ ይወጣል። ያን ጊዜ በወረቀቱ ላይ ለ5 ካሬ በወርድ 5 ክር፣ በቁመት 6 ክር ስጡት። ለሸማኔ ንድፍ የምትሰጡ ከሆነ ይህን ስሌት ራሳችሁ አትወስኑ፤ ወረቀቱን ይዛችሁ ከሸማኔው ጋር ተቀመጡ። ማጉን ምን ያህል እንደሚያጠብቀው የሚያውቀው እርሱ ነው።

የሱፍ አበባን በጥልፍ መሥራት ለሚፈልግ ደግሞ፦ መሐል ላይ ነጥብ አድርጉ። ፕሮትራክተር ይዛችሁ በየጊዜው 137.5 ዲግሪ እየዞራችሁ ነጥብ አኑሩ። ከመሐል ያለው ርቀት በነጥቡ ተራ ቁጥር ካሬ ሥር ይደግ። 1ኛው ነጥብ በ5 ሚሊ ሜትር፣ 4ኛው በ10፣ 9ኛው በ15፣ 16ኛው በ20፣ 25ኛው በ25። በመካከል ያሉትን በግምት አኑሩ። 60 ያህል ነጥብ ስትደርሱ ጥምዞቹ ራሳቸው ብቅ ይላሉ። መጀመሪያ ሳየው ወረቀቱን ለቤተሰቡ ሁሉ አሳይቻለሁ፤ እኔ የሳልኩት ነጥብ ብቻ ነበርና።

6. ክብ ሥራ፦ ዳንቴልና ስፌት

አንድ ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ዙሪያውን በተመሳሳይ ሳንቲሞች ክበቡት። በትክክል 6 ይገባሉ። ንቧ ስድስት ጎን የምትመርጥበትም ምክንያት ከዚህ ሩቅ አይደለም። ዳንቴል የሚሠሩ ሰዎችም ቁመቱና ወርዱ እኩል በሆነ ስፌት ጠፍጣፋ ክብ ሲጀምሩ 6፣ 12፣ 18፣ 24 እያሉ በየዙሩ 6 የሚጨምሩት ለዚህ ነው። ከዚያ ካነሰ ሥራው እንደ ሳህን ይጎደጉዳል፣ ከበዛ ይሸበሸባል።

በስፌት ላይ ሕጉ ያው ነው፤ ልዩነቱ ውስጥ የሚገባው የስንደዶ ሣር ጥቅልና በላዩ የሚጠመጠመው የአክርማ ስፌት ውፍረታቸው እኩል አለመሆኑ ነው። የጥቅሉን ውፍረት በአንዱ ስፌት ወርድ አካፍሉና በ6.28 አባዙት፤ በየዙሩ የሚጨመረው የስፌት ብዛት ይኸው ነው። ጥቅሉ 6 ሚሊ ሜትር፣ ስፌቱ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን 12 ተኩል ያህል ይመጣል። ስለዚህ 12 ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው ሌማት ብትሰፉ፣ እያንዳንዱ ቅርጽ በየዙሩ አንድ አንድ ስፌት ያገኛል። ያችን አንዷን ሁልጊዜ ለአለላው ከሰጣችሁት ሦስት ማዕዘኑ በራሱ እየሰፋ ይወጣል። በየሁለት ዙሩ የምትተርፈውን አንድ ስፌት ነጩ ውስጥ አጥብቃችሁ ሸሽጓት።

የሚጀመርበት ዙር ወሳኝ ነው። እኔ መጀመሪያ የሰፋሁት ሌማት ቅርጾቹ የጀመሩበት ዙር 100 ስፌት ነበረው። 100 ለ12 አይካፈልም፤ 4 ተርፎ የመጨረሻው ቅርጽ ወፍሮ ወጣ፣ በየዙሩም እየባሰበት ሄደ። አሁንም ቤቴ ግድግዳ ላይ አለ፤ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ቅርጽ ነው። 96 ላይ ጀምሩ። ለ12 ስምንት ስምንት ይደርሳል፣ ለ8ም፣ ለ6ም፣ ለ4ም ይካፈላል። በዚህ ልክ 96 ስፌት የሚሞላው ዙሪያው 29 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን በነጭ ብቻ ስፉት።

አሁን ወደ ጅብራው። ጥምዝ ለማውጣት እያንዳንዱን የአለላ መስመር በየዙሩ በተመሳሳይ የስፌት ቁጥር ወደ አንድ ወገን ግፉት። በላይኛው ልኬት በየዙሩ 2 ስፌት ብትገፉ፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር ወደ ጎንና 6 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ፣ መስመሩ ከመሐል ከሚወጣው ጨረር ጋር ሁልጊዜ 45 ዲግሪ ይይዛል። ማዕዘኑን ሳይለውጥ እየሰፋ የሚሄድ ጥምዝ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ጥምዝ ነው። 1 ስፌት ብቻ ብትገፉ ይቃናል፣ 3 ብትገፉ ይተኛል። አክስቴ ይህን በሒሳብ ስም አታውቀውም ነበር፤ «ሁለት ሁለት ስጪው፣ ራሱ ይዞራል» ነበር የምትለው። ወደ ቀኝ 12፣ ወደ ግራ 12 መስመር ካደረጋችሁ ደግሞ በመካከላቸው ቅርጻቸውን ሳይለውጡ ወደ ዳር እያደጉ የሚሄዱ ዓይኖች ይወጣሉ፤ አናናሱ ማለት ነው። የሐረር ሴቶች በቤታቸው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሏቸውን ስፌቶች በዚህ ዓይን ተመልከቷቸው፤ እያንዳንዱ መስመር ስንት ስፌት እንደሚገፋ መቁጠር ትችላላችሁ። ነገር ግን የአንዲት ሰፊ የግል ንድፍ መሆኑን ካወቃችሁ ከመገልበጣችሁ በፊት ጠይቋት።

በውጭ አገር ሆናችሁ አክርማና ስንደዶ የማታገኙ ራፊያና ወፍራም ገመድ መጠቀም ትችላላችሁ። ራፊያ ከአክርማ ስለሚለሰልስ ስፌቱ ጠበብ ይላል፤ ቁጥሩን ከእኔ አትውሰዱ፣ ስድስት ዙር የሙከራ ስፌት ሠርታችሁ ራሳችሁ ለኩ።

7. ቁጥሩ ሲጠፋ

መጥፋቱ አይቀርም። በየዙሩ መጨረሻ ላይ በሌላ ቀለም ክር ምልክት እሰሩ፤ ደብተራችሁም ላይ ዙሩን በጭረት መዝግቡ። ስሕተቱን በዚያው ዙር ካያችሁት ፍቱት። ሁለት ሦስት ዙር ካለፈና የጎደለው አንድ ስፌት ብቻ ከሆነ አትፍቱት፤ በሚቀጥለው ዙር ነጩ ላይ አንዷን ጨምሩ። ከሦስት ስፌት በላይ ከሆነ ግን ሣሩ ሳይደርቅ፣ እንደገና በውኃ አርጥባችሁ፣ እስከ ስሕተቱ ዙር ድረስ መልሱት። የተፈታ አክርማ ጠርዙ ስለሚላላ ለንድፉ አትጠቀሙበት፤ ለውስጥ ጥቅሉ ይሆናል።